ልጃችሁ እንዴት እንደሚያስብ ቤት ውስጥ ፈትሹ፦ ከውሃ ብርጭቆ እስከ ብይ ሕግ

"ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። የውሃውን ሙከራ ሠራሁለት፤ ወደቀ። አሁን ምን ላድርግ?"

ምንም አታድርጉ። አልወደቀም። የውሃው ሙከራ እኩል ውሃ ካላቸው ሁለት ብርጭቆዎች የአንዱን ወደ ረጅም ብርጭቆ አዙሮ ብዙ ያለው የቱ ውስጥ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ "ረጅሙ ብርጭቆ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ" ቢል የዕድሜውን ነው የተናገረው።

ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ወላጁ ነው። መሃል ላይ ገብቶ ያርማል። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ ይጠይቃል። ወይም የፈለገውን መልስ ሲሰማ ደስ ብሎት "ለምን?" ሳይል ይነሳል። በዚህ ሥራ ላይ ዋናው ነገር ምክንያቱ ነው። መልሱን ብቻ ይዞ የተነሳ ሰው ምንም አልያዘም።

የምትፈትሹት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልጁ ስለ ዕቃና ስለ ብዛት የሚያስብበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ጥፋትንና ቅጣትን የሚመዝንበት መንገድ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሩት።

ዕድሜውን በግምት ያዙት

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ የልጅን አስተሳሰብ በአራት እርከን ከፍሎታል።

- ከልደት እስከ 2 ዓመት፦ ልጅ ዓለምን የሚያውቀው በእጁ፣ በአፉና በዓይኑ ነው።
- ከ2 እስከ 7፦ ቋንቋውና ምናቡ ይከፈታል፤ ነገር ግን ዓይኑ ያየው ነገር ያሸንፈዋል።
- ከ7 እስከ 11፦ በእጁ ስለሚጨብጠው፣ በዓይኑ ስለሚያየው ነገር በሥርዓት ያመዛዝናል።
- ከ11 ወይም ከ12 በኋላ፦ ስለሌለ ነገር፣ "ቢሆንስ?" እያለ ያስባል።

ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ይዘገያል። ፒያዤ አጥብቆ የያዘው ቅደም ተከተሉን ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ አጠያየቁ ሲቀል ልጆች እሱ ካሰበው ዕድሜ ቀድመው እንደሚመልሱ ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ "የጎረቤት ልጅ በአምስት ዓመቱ መለሰ" የሚል ወሬ እንቅልፍ አይንሳችሁ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን፣ ሰዓቱንና ቋንቋውን አዘጋጁ

ዕቃው ከቤት አይወጣም፦

- ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ አንድ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን
- ውሃ
- አሥራ ሁለት ቆርኪ
- ሁለት እፍኝ ሊጥ
- ልጁ በደንብ የሚያውቀው የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ ውስጡ ጠጠር የተሞላ
- ጥቂት ሲኒና ብይ
- ደብተር፣ ወይም ድምፅ የሚቀዳ ስልክ

ጁስ አትጠቀሙ። የድሬዳዋ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ጁስ ያየ ልጅ ስለ ብዛት አያስብም፣ ስለ መጠጣት ነው የሚያስበው። "ይሄኛው ይበዛል" ሲላችሁ ምናልባት "ይሄኛውን ስጡኝ" ማለቱ ነው። ውሃም ሲሆን ልጁ ጠጥቶ፣ በልቶ ይቀመጥ።

ሰዓቱ ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ጋደም በሚልበት ሰዓት ልጅን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ለሁለታችሁም ቅጣት ነው። ደግሞ በርጫ ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ማሳያ አታድርጉት። ሰው ፊት የተጠየቀ ልጅ የሚያስበውን ትቶ የሚያስመሰግነውን ይመልሳል።

ቋንቋው ላይ ጠንቀቅ በሉ። እዚህ አገር ልጅ ከአያቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ በሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ ያወራል። የትኛውን ትመርጣላችሁ? ከጓደኛው ጋር ሲጣላ የሚናገርበትን። እናንተ ያን ቋንቋ የማትችሉ ከሆነ የሚችል አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ይጠይቅ፤ እናንተ ጻፉ።

በአማርኛ ስትጠይቁ "የቱ ይበልጣል?" አትበሉ። ልጁ ቁመቱን የጠየቃችሁት ሊመስለው ይችላል። "የትኛው ውስጥ ብዙ ውሃ አለ?" በሉ። ከዚያ በፊት ሦስት ቆርኪ በአንድ በኩል፣ ስድስት በሌላ በኩል አድርጋችሁ "የትኛው ጋር ብዙ አለ?" ብላችሁ ሞክሩት። እዚህ ላይ ከተሳሳተ ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። ሙከራውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ደረጃ 2፦ ሁለት ዓመት ላልሞላው

ይህ አጭር ነው።

1. ልጁ የሚወደውን መጫወቻ አሳዩት። እያየ ነጠላ ሥር ደብቁት።
2. ጠብቁ። ነጠላውን ገልጦ ይፈልገዋል? ፒያዤ እንዳየው ልጆች ይህን የሚጀምሩት ስምንት ወር ገደማ ነው።
3. ከፈለገ አሁን ሁለት ጨርቅ አድርጉ። ከመጀመሪያው ሥር ሁለት ሦስቴ ደብቁና ያግኘው። ከዚያ እያየ ወደ ሁለተኛው ሥር አዙሩት።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ወር ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ የመጀመሪያውን ጨርቅ ይገልጣል። ፊቱ ላይ ስታዘዋውሩት ዓይኑ እያየ! ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ አያስደነግጥም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዓመት ሞልቶት በእጁ የማያሳይና የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ወይም ያወጣውን ቃል መልሶ የተወ ልጅ ካላችሁ ይህን መመሪያ አስቀምጡና ሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ደረጃ 3፦ የውሃው ሙከራ (ከ4 እስከ 8 ዓመት)

ሰው ሁሉ የሚያበላሸው ይህን ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. ሁለቱን አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱም ላይ ውሃ ቅዱ።
2. "እኩል ናቸው?" በሉት። አይደሉም ካለ ጠብታ በጠብታ ራሱ ያስተካክል። "አዎ፣ እኩል ናቸው" እስኪል ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ባይሠራው ይሻላል።
3. እያየ የአንዱን ውሃ ወደ ረጅሙ ብርጭቆ አዙሩ። ምንም አትናገሩ። "እይ እንግዲህ!" አትበሉ።
4. አንዴ ብቻ ጠይቁ፦ "አሁን እዚህኛው ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፣ እዚያኛው ውስጥ ነው ብዙ ያለው፣ ወይስ እኩል ናቸው?" ሦስቱንም ምርጫ በአንድ ድምፅ ተናገሩ።
5. ምንም ቢል "እሺ" በሉና "እንዴት አወቅክ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቃል በቃል ጻፉት።
6. አሁን ተቃራኒውን አምጡ። እኩል ናቸው ካለ፦ "ሌላ ልጅ ግን ይሄ ረጅም ስለሆነ ይበዛል አለኝ፤ አንተስ ምን ትላለህ?" ይበዛል ካለ ደግሞ፦ "ሌላ ልጅ ምንም ስላልተጨመረ እኩል ነው አለኝ።" ሐሳቡን ይዞ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይገለበጣል?
7. ውሃውን ወደ ቀድሞ ብርጭቆው መልሱ። ከዚያ በሳህኑ ድገሙት። ግን በሌላ ቀን።

*መልሱን እንዴት ታነባላችሁ?*

"ይሄኛው ይበዛል፣ ረጅም ነው" ካለ ቁመቱን ብቻ ነው ያየው። ስፋቱን ገና አላስገባውም። ከሰባት ዓመት በፊት ይህ የተለመደ ነው።

አንዴ እኩል፣ አንዴ ይበዛል እያለ የሚዋልል ልጅ በሽግግር ላይ ነው። እኔ በጣም የምወደው እዚህ ያለውን ልጅ ነው። ግንባሩን ቋጥሮ አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ ሳህኑን ሲያይ ሐሳቡ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። አትቸኩሉበት።

እኩል ናቸው ካለ ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱን ፈልጉ፦ "ምንም አልጨመርክም፣ ምንም አልቀነስክም"፤ "ብትመልሰው ያው ይሆናል"፤ "ይሄ ረጅም ነው ግን ቀጭን ነው።" ከሦስቱ አንዱን በራሱ አፍ ከተናገረ ደርሷል። "እኩል ናቸው፣ ዝም ብዬ ነው" ካለ ገና ነው።

*ለምን አንዴ ብቻ?*

ልጅ ትልቅ ሰው አንድን ጥያቄ ሲደግምለት "ተሳስቻለሁ ማለት ነው" ብሎ መልሱን ይቀይራል። የእኛ ቤት ልጆች ደግሞ ይህን ከሁሉ ቀድመው ነው የሚማሩት። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ጥናት ከማፍሰሱ በፊት ያለው ጥያቄ ተትቶ ከማፍሰሱ በኋላ አንዴ ብቻ ሲጠየቁ የልጆቹ ስህተት ቀንሷል። በዚያው ዓመት ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራ ሌላ ሙከራ ነበር። በረድፍ የተደረደሩትን ዕቃዎች ተመራማሪው ሆን ብሎ ከማንቀሳቀስ ይልቅ "ባለጌ" የአሻንጉሊት ድብ መጥቶ ሲያዛባቸው ብዙ ልጆች ብዛቱ እንዳልተለወጠ ተናገሩ። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ ከነካው አንድ ነገር ተለውጧል ብለው ይጠረጥራሉ።

ከዚህ አንድ ዘዴ ውሰዱ። ልጃችሁ "ይበዛል" ካለ በሌላ ቀን ራሱ ያፍስሰው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሴኔጋል ውስጥ ትምህርት ቤት ያልገቡ የወሎፍ ብሔረሰብ ልጆች ውሃውን ራሳቸው ሲያፈሱ እኩል ነው የሚሉት በጣም ጨምረው ነበር።

*ነገሩ ሲበላሽ*

- ታላቅየው ከጓዳ "እኩል ነው በለው!" ካለ፦ የዛሬው አበቃ። አትቀጥሉ። ከሳምንት በኋላ በሊጥ ጀምሩ።
- ልጁ ከውሃው ይልቅ ፊታችሁን ካየ፦ ፊታችሁ እየመለሰለት ነው። ደብተሩ ላይ አቀርቅሩ።
- "አላውቅም" ካለ፦ "እሺ፣ ቢመስልህስ?" በሉት። ሁለተኛ "አላውቅም" ካለ ዕቃውን ሰብስቡ።
- ውሃውን ከጠጣው፦ ይጠጣ።

ደረጃ 4፦ ቆርኪና ሊጥ

ቆርኪውን ስድስት ስድስት አድርጋችሁ በሁለት ረድፍ ትይዩ ደርድሩ። እኩል መሆናቸውን ይመን። ከዚያ አንዱን ረድፍ ዘርጉትና በደረጃ 3 ደንብ ጠይቁ። በሊጡም እንዲሁ፦ ሁለት እኩል ድቡልቡል ሠርታችሁ አንዱን እንደ እባብ አርዝሙት።

ቆርኪው ላይ ያለፈ ልጅ ውሃው ላይ ቢሳሳት ግራ አትጋቡ። ሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም። ቁጥር ይቀድማል። ሊጥና ውሃ ሰባት ዓመት ገደማ ይከተላሉ። የሊጡ ክብደት እንደማይለወጥ ለመረዳት ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ቦታ ደግሞ እስከ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ ሊጥ ሲያድቦለቡል ያደገ ልጅ በሊጥ ላይ ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል። ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆች በጭቃው ሙከራ ከሌሎቹ ቀድመው ተገኝተዋል። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ብቻ ተነስታችሁ አትፍረዱ።

ደረጃ 5፦ የሻይ ቅጠሉ ካርቶን (ከ3 እስከ 5 ዓመት)

ይህ ልጁ ሌላ ሰው እሱ የሚያውቀውን ላያውቅ እንደሚችል ገብቶት እንደሆነ ያሳያል።

1. የተዘጋውን ካርቶን አሳዩት። "ምን አለበት?" በሉት። "ሻይ ቅጠል" እንዲል ነው የምትፈልጉት።
2. ክፈቱት። ጠጠር! ትንሽ ይሳቅ። መልሳችሁ ዝጉት።
3. "ሳንከፍተው በፊት ምን ያለበት መስሎህ ነበር?"
4. "እህትህ አላየችም። አሁን ብትመጣ ምን አለበት ትላለች?"

የሦስት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም "ጠጠር" ይላል። አራትና አምስት ዓመት ላይ "ሻይ ቅጠል ትላለች" ብሎ አፉን ሸፍኖ ይስቃል።

የብስኩት ቆርቆሮ አትጠቀሙ። የእኛ ቤት ልጅ እዚያ ውስጥ መርፌና ክር እንዳለ ያውቃል።

"ጠጠር" የሚል ልጅ ካላችሁ "እንደምጨነቅ እያወቅክ ለምን ተደበቅክ?" የሚለውን ቁጣ ለጊዜው ተዉት። እናንተ የት እንዳለ አለማወቃችሁን በእናንተ ቦታ ሆኖ ማሰብ ገና ይከብደዋል።

ደረጃ 6፦ የተሰበሩት ሲኒዎች (ከ5 እስከ 10 ዓመት)

ወደ ግብረገቡ መጣን። ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግር ነበር። አንዱ ልጅ ሳያውቅ በር ሲከፍት 15 ኩባያ ይሰብራል። ሌላው ማርማላት ሊሰርቅ ሲንጠራራ 1 ኩባያ ይሰብራል። ለእኛ ቤት ሲኒ ይሻላል።

1. ሲኒዎቹን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ታሪኩን በዕቃ አሳዩ። በቃል ብቻ ከነገራችሁት ትንሽ ልጅ የሚያስታውሰው የሲኒውን ብዛት ነው።
2. የመጀመሪያው፦ "እናቷ ለቡና ጠራቻት። በሩን ስትከፍት ከበሩ ኋላ ረከቦት ነበረ። አላየችውም። አሥራ አምስት ሲኒ ተሰበረ።"
3. ሁለተኛው፦ "እናቷ የለችም። አትንኪ የተባለችውን ሃልዋ ከመደርደሪያ ልታወርድ ስትንጠራራ አንድ ሲኒ ሰበረች።"
4. ሁለቱንም ታሪክ መልሶ ይንገራችሁ። "ምን ልታደርግ ፈልጋ ነበር?" ብላችሁ አረጋግጡ። ሐሳባቸውን ካልያዘ ድገሙለት።
5. "ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል ወይስ አንዷ የበለጠ አጠፋች? ለምን?"
6. "አንተ እናታቸው ብትሆን ምን ታደርጋለህ?" ከዚህ ጥያቄ የሚወጣው ነገር ይገርማችኋል። ልጆች ከእኛ የባሰ ቀጪ ናቸው።

"አሥራ አምስት የሰበረችው" ካለ ጥፋትን በጉዳቱ መጠን ነው የሚለካው። "ሃልዋ ልትሰርቅ የነበረችው" ካለ ሐሳብን መመዘን ጀምሯል። ሁለቱ አመዛዘኖች ጎን ለጎን ይቆያሉ፤ ወደ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሐሳብን የሚያየው ይበረታል። ታሪኩ በግልጽ ሲታይላቸው ግን የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችም ለሐሳብ ቦታ እንደሚሰጡ ኋላ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

አሁን ራሳችሁን ታዘቡ። ባለፈው ልጃችሁ ሳያውቅ ቴርሞሱን ሲሰብር ምን አላችሁ? "ስንት ብር እንደሆነ ታውቃለህ?" በብር የምንለካ እኛ ከሆንን ልጁ በሲኒ ብዛት ቢለካ ከማን ተማረ?

*የተሰረቀው ማንጎና ድልድዩ*

በዚያው ሰሞን አንድ ተጨማሪ ታሪክ ጠይቁ። ልጅ ማንጎ ሰርቆ ሲሮጥ የበሰበሰ የእንጨት ድልድይ ተሰብሮ ወደቀ። "ባይሰርቅ ኖሮ ድልድዩ ይሰበር ነበር?" ትንንሾቹ "አይሰበርም ነበር፣ ስለሰረቀ ነው" ይላሉ። ተለቅ ሲሉ "በስብሷል እኮ" ይላሉ። ልጁ አጥፍቶ ሲሮጥ እንቅፋት ሲመታው "ደግ አደረገህ!" የምንል ከሆነ የመጀመሪያውን መልስ እኛው እያጠጣነው ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የደቻቱን ወንዝ እንዳታስገቡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት በመጣው ጎርፍ ሰው ያጣ ቤተሰብ ድሬ ውስጥ ብዙ ነው። ልጅ "ውሃው የወሰዳቸው ስላጠፉ ነው" ብሎ እንዲደመድም በር አትክፈቱ።

ደረጃ 7፦ የብይ ሕግ (ከ5 እስከ 12 ዓመት)

ከሁሉም ይሄ ይጣፍጣል። ፒያዤም ኑሻቴልና ጄኔቭ ውስጥ ከልጆች ጋር ብይ እየተጫወተ ነው ይህን ያጠናው።

1. ጥላ ፈልጉ። ብዮቹን ለልጁ ስጡትና "ረስቼዋለሁ፣ አስተምረኝ" በሉት።
2. ተጫወቱ። መሃል ላይ ሆን ብላችሁ ሕግ ጣሱ። ያስቆማችኋል?
3. "አዲስ ሕግ ልትፈጥር ትችላለህ?" ከፈጠረ፦ "ነገ ከጓደኞችህ ጋር በዚህ መጫወት ይቻላል? እውነተኛ ሕግ ይሆናል?"
4. "ይሄን ሕግ መጀመሪያ ያወጣው ማነው?"

ትንሹ ልጅ ለራሱ ነው የሚጫወተው፤ ሁለታችሁም "አሸነፋችሁ"። ቀጥሎ ያለው ሕጉን ከአባት፣ ከመንግሥት ወይም ከፈጣሪ የመጣና የማይነካ ያደርገዋል፤ ሲጫወት ግን ራሱ ይጥሰዋል። አሥር ዓመት ገደማ "ሁላችንም ከተስማማን መቀየር ይቻላል" ይላል።

ከሐረር ለበዓል የመጣ የአጎት ልጅ ካለ ዕድላችሁ ነው። ሐምሳ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ልጅ ሌላ ሕግ ይዞ ይመጣል፣ ጠብ ይነሳል። አትገላግሉ። ቁጭ ብላችሁ ስሙ። "የእኛ ነው ትክክል" ብቻ ነው የሚባባሉት ወይስ "በሐረር ሁለት ዙር፣ በድሬ ሁለት ዙር" ብለው ይዋዋላሉ?

ብይ የማይጫወቱ ከሆነ ሰኞ ማክሰኞ ወይም ድብብቆሽ ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ጨምሩ። "መምህሩ ቢፈቅድ ያለ ዩኒፎርም መምጣት ይቻላል?" ቀጥሎ "መምህሩ ቢፈቅድ ትንሽ ልጅን መምታት ይቻላል?" የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች እንኳ ብዙዎቹ ሁለቱን ይለያሉ። በትእዛዝ ሊሻር የሚችል ነገርና ማንም ቢፈቅደው ክፉ የሆነ ነገር አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ምሳሌ ስትመርጡ ሃይማኖታችሁ ያዘዘውን አትውሰዱ፤ ለልጁ እሱ ዩኒፎርም አይደለም።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱ (ከ10 ዓመት በላይ)

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1958 ላቀረበው የዶክትሬት ጥናት ቺካጎ ውስጥ ከ10 እስከ 16 ዓመት ያሉ 72 ወንድ ልጆችን ጠይቋል። ከታሪኮቹ አንዱ ይህ ነው፦ የአንድ ሰው ሚስት ልትሞት ነው። የሚያድናት አንድ መድኃኒት አለ። ባለመድኃኒቱ ካወጣበት አሥር እጥፍ ይጠይቃል። ባልየው የቻለውን ተበድሮ ግማሹን ብቻ አገኘ። ለመነ፣ እምቢ ተባለ። ሰብሮ ገብቶ ይስረቅ?

ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

1. ታሪኩን ንገሩ። "ይስረቅ ወይስ አይስረቅ?"
2. "ለምን?" ከዚያ አንዴ ደግሞ "ያስ ለምን?"
3. ቀይሩት፦ "የታመመችው የማያውቃት ሰው ብትሆንስ?"
4. "ዳኛ ብትሆኚ ምን ትፈርጃለሽ?"

ይስረቅ ማለትም አይስረቅ ማለትም የልጁን እርከን አይነግራችሁም። ኮልበርግ ምክንያቶቹን በስድስት እርከን ከፍሏቸዋል፤ እንዲህ ለዩት፦

- "ፖሊስ ይይዘዋል"፦ ቅጣትን ፈርቶ። አንደኛ።
- "ከዳነች እሷም ለእሱ ታደርግለታለች"፦ ብድር መላሽነት። ሁለተኛ።
- "ሚስቱ ስትሞት ቆሞ ቢያይ ሰው ምን ይለዋል?"፦ ይሉኝታና መልካም ስም። ሦስተኛ።
- "የቸገረው ሁሉ ከሰረቀ አገር አይቆምም"፦ ሕግና ሥርዓት። አራተኛ።
- "ሕግ የወጣው ሰው እንዲኖር ነው፤ ሰው የሚገድል ከሆነ ይሻሻል"፦ አምስተኛ።

ስድስተኛውን፣ ከሕግ ሁሉ በላይ በሆነ መርሕ የሚመዝነውን፣ ልጃችሁ ላይ አትፈልጉት። አዋቂ ላይም ብርቅ ነው።

*"ሐራም ነው"፣ "ኃጢአት ነው" ብሎ ቢዘጋው*

አትከራከሩ። "እሺ። ለምን የተከለከለ ይመስልሃል?" በሉ። "ፈጣሪ ይቀጣል" እና "የሰውን ላብ መብላት ስለሆነ" ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

*"ለምን አይዋጣለትም?" ካለች*

የእኛ አገር ልጅ ይህን ማለቷ አይቀርም። እድር አለ፣ አፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) አለ፣ ጎረቤት አለ። ከጥያቄው የሸሸች አይምሰላችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 ኮልበርግን የተቸችው እዚህ ላይ ነው፦ አንዳንድ ሰው ማን ትክክል ነው ከማለት ይልቅ ግንኙነቱ እንዳይበጠስ መንገድ ይፈልጋል፤ የኮልበርግ መለኪያ ግን ለዚህ ቦታ አልሰጠውም አለች። መጀመሪያ የልጅቷን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ስሙና ጻፉ። ከዚያ "ተዋጥቶም አልበቃም" ብላችሁ መንገዱን ዝጉና ቀጥሉ።

ደረጃ 9፦ ያገኛችሁትን ሥራ ላይ አውሉ

*ውሃው ላይ "ይበዛል" ለሚል ልጅ*፦ ለወንድማማቾች ጁስ ስትቀዱ አንድ ዓይነት ብርጭቆ ተጠቀሙ። በተለያየ ብርጭቆ ቀድታችሁ "እኩል ነው እኮ!" ብሎ መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው።

*በሲኒ ብዛት ለሚለካ ልጅ*፦ ስትቆጡም ስታመሰግኑም ሐሳቡን አንሱ። "ልትረጃት ፈልገሽ ነው፣ አውቃለሁ። ሲኒው ግን ተሰብሯል፤ ነይ አብረን እንጥረግ።" ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይገናኝ። የሰበረ ይጥረግ፣ የቀማ ይመልስ። ሲኒ ለሰበረ ልጅ ጨዋታ መከልከል ምን እንደሚያስተምር እኔ አይገባኝም።

*"ከተስማማን ይቀየራል" ለሚል ልጅ*፦ የቤት ሕግ ሲወጣ ይጠራ። የስልክ ሰዓት፣ የውጪ ጨዋታ ሰዓት፣ ሕጉ ሲጣስ የሚሆነው ነገር። ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ያስከብረዋል፤ አንዳንዴ እናንተንም ያስጠይቃችኋል። ቻሉት።

*በመድኃኒቱ ላይ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ላይ ላለ ልጅ*፦ ስለ ሰብዓዊ መርሕ አትስበኩለት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ሙከራ እንዳሳየው ልጆች ይበልጥ የሚቀበሉት ከእነሱ አንድ እርከን ብቻ ከፍ ያለውን ምክንያት ነው። ፖሊስን ለሚፈራው ስለ ብድር መላሽነት አውሩት። ስለ ብድር መላሽነት ለሚያወራው "አያትህ ቢሰሙ ምን ይሰማቸዋል?" በሉት።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ፣ ቆይታችሁ ድገሙ

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የጠየቃችሁበትን ቋንቋ፣ መልሱንና ምክንያቱን በልጁ ቃል ጻፉ። "ጎበዝ"፣ "ደካማ" የሚል ነገር አታስገቡ። የወንድማማቾችን ገጽ ለያዩ፤ አንዱ የሌላውን አያንብብ።

ከስድስት ወር በፊት አትድገሙት። ስትደግሙም ዕቃውንና ታሪኩን ቀይሩ። ሲኒው ሳህን ይሁን፣ ሃልዋው ቴምር ይሁን። ልጆች ታሪኩን ያስታውሱታል፤ ያኔ የሰማችሁት የዛሬ ሐሳባቸውን ይሁን ያለፈውን ጊዜ "እሺ" ያላችሁለትን መልስ መለየት አትችሉም።